ቀዳማዊት ኤልሳቤጥን ከሁሉ ይበልጥ የፈተናት ምንድን ነው?

ባለ ፎቶ ኮፒዋ፣ ቱሉ ዲምቱ፦
ኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለችው ሱቄ ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን ያሳትማሉ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እኔ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ። ሰሞኑን ሁሉም ስለ እንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ጽፈው፣ ሁሉም «ትልቁ ፈተናዋ ባል አለማግባቷ ነው» ይላሉ። በ25 ዓመቷ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳር 1558 የነገሠች ሴት፣ የካሌ ወደብ በዚያው ዓመት በፈረንሳይ ተነጥቆ፣ ግምጃ ቤቱ ዕዳ ተሸክሞ፣ ወረርሽኝ ሕዝቡን እየጨረሰው፣ እንቅልፍ የሚነሳት ባል ነው? አልተዋጠልኝም። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

የታሪክ መምህር፣ ሰበታ፦
እህቴ፣ እኔ ከልደቷ እነሣለሁ። አባቷ ሄንሪ 8ኛ እናቷን አን ቦሊንን ያገባው የሮም ቤተ ክርስቲያን የፊተኛውን ጋብቻ ሳታፈርስለት ነው። ስለዚህ በካቶሊኮች ዘንድ ኤልሳቤጥ ዲቃላ ናት፤ ዙፋኑም የአክስቷ የልጅ ልጅ የሆነችው የስኮትላንዷ ንግሥት የሜሪ ነው። ሜሪ ደግሞ የፈረንሳይን አልጋ ወራሽ አግብታለች! ለሮም መገዛት የራስን ዘውድ አሳልፎ መስጠት ነበር። ዘውዱን የሚደፋላት ሊቀ ጳጳስ እንኳ አልነበረም፤ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ፣ ከእሷ በፊት የነገሠችው እህቷ በሞተችበት ቀን ሞቷል። ያነገሣት የካርላይል ጳጳስ ነው። በ1559 ከሮም የተለየው አዲሱ የጸሎት ሥርዓት በላይኛው ምክር ቤት ያለፈው በ3 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነው።

ጡረተኛ የባንክ ሠራተኛ፣ ለገጣፎ፦
ልጄ፣ እኔ ገንዘቡን ነው የማየው። አባቷና ወንድሟ የብር ሳንቲሙን በመዳብ በርዘውት ስለነበር ጥሩው ሳንቲም ከገበያ ጠፋ፣ ዋጋ ናረ። የገንዘብ ወኪሏ ቶማስ ግሬሻም ከአንትወርፕ ከተማ ነጋዴዎች እየተበደረላት ቆየ፤ የተበረዘው ሳንቲም ተሰብስቦ የተለወጠው በ1560 እና 1561 ነው። የባሉን ነገር ግን አትናቂው። የእህቷ ባል የነበረው የስፔኑ ንጉሥ ፊሊጶስ ለጋብቻ ጠይቋታል። እንግሊዝ ካሌን ያጣችው በእሱ ጦርነት ገብታ ነው፤ ታዲያ እንዴት ታግባው? ከአገሯ መኳንንት አንዱን ብትመርጥ ደግሞ ሌሎቹ ያኮርፋሉ። በጥቅምት 1562 ፈንጣጣ ይዟት ልትሞት ስትል አማካሪዎቿ በአንድ ወራሽ እንኳ አልተስማሙም።

ባለ ፎቶ ኮፒዋ፦
እንግዲያው ጭንቁ የወራሽ ነበር እንጂ የባል አይደለም፤ ልጆቹ ነገ ሲመጡ በዚህ እሞግታቸዋለሁ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ፦ ሳንቲሙ ሲለወጥ የከሰረው ማን ነው?

ጡረተኛ የባንክ ሠራተኛ፦
በእጁ የያዘው ነዋ! በመስከረም 1560 በወጣው አዋጅ የተበረዘው ሳንቲም ዋጋ አስቀድሞ ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ ቅያሪው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግምጃ ቤቱ እንዲያውም ጥቂት አትርፎበታል።