በየ4 ሳምንቱ የሚወጋው የልብ መርፌ፦ ልጄ ደህና ሆናም ይቀጥል?

የኪያ እናት (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 11 ዓመቷ ነው። አምና ጉልበቷን አመማት፤ እሱ ሲተዋት ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። ብርድ ነው ብለን አሸናት። በኋላ ሐኪም ልቧ ላይ ድምፅ ሰማና ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተነሳች። ከጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፣ ሚትራል የሚባለው የልብ በር ትንሽ ተጎድቷል ተባለ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየ4 ሳምንቱ ታዘዘላት። አሁን ገመድ ስትዘል ነው የምትውለው። እንዳልረሳው በየወሩ በሚካኤል ነበር የማስወጋት። ሰሞኑን የሰፈራችን ክሊኒክ "ይሄ መርፌ ሰው ይጥላል፣ አንወጋም" ብሎ መለሰን። ባቆምስ?

ሲስተር መ.፦
እንዳታቆሚ እህቴ። መርፌው የተጎዳውን በር አይጠግንም። ሥራው ይህን ሕመም የሚያስነሳው የጉሮሮ ባክቴሪያ ተመልሶ እንዳይመጣ መከላከል ነው። እሱ በመጣ ቁጥር ሰውነቷ ሲዋጋው የገዛ ልቧን ሊያቆስል ይችላል።

የሚካኤሉ ነገር ግን ይስተካከል። ከሚካኤል ሚካኤል 30 ቀን ነው። ከነሐሴ ወደ መስከረም ደግሞ ጳጉሜን ስትገባበት 35 ይሆናል! መድኃኒቱ መጨረሻ ላይ እየሳሳ ነው የሚሄደው። በሳምንት ቁጠሪ፤ ማክሰኞ ከተወጋች አራተኛው ማክሰኞ ላይ ትወጋ።

ክሊኒኮቹ የሚፈሩት አለርጂውን ነው፤ ከባዱ ዓይነት ብርቅ ነው። በሕመሙና በድንጋጤው ራሱን የሚስት ግን አለ። በልታ፣ ውኃ ጠጥታ፣ ተኝታ ትወጋ። በሩ ክፉኛ ለተጎዳበት ሰው ሐኪሙ በሚዋጥ ሊቀይርለት ይችላል፤ ይህን ሐኪሟን ጠይቂ። ለጤና ጣቢያው ደብዳቤ እንዲጽፉልሽም ንገሪያቸው።

ባለ ብረቱ፦
እኔ በ16 ዓመቴ "ድኛለሁ" ብዬ ተውኩት። በ22 ደረጃ መውጣት አቃተኝ። የቀዶ ጥገና ወረፋውን አታንሺው። ዛሬ በሬ የብረት ነው፤ ሌሊት ጭር ሲል ቲክ ቲክ ይላል፣ ባለቤቴ "ሰዓትህ" ትለዋለች። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ዕድሜ ልክ እውጣለሁ፣ ደሜ በየጊዜው ይመረመራል። የመድኃኒቱን ሥራ ስለሚያዛባ ጎመን እንኳ አንድ ሰሞን ጠግቤ አንድ ሰሞን መተው አልችልም። መርፌው ይሻልህ ነበር በይኝ።

የሕክምና ተማሪ፦
ኡጋንዳ ውስጥ በኢኮ ብቻ የተገኘ ጅምር ሕመም ያለባቸው 818 ልጆች ለ2 ዓመት ተጠንተው ነበር፤ ውጤቱ በ2022 ታተመ። ከተወጉት የባሰባቸው 3 ብቻ ናቸው፣ ካልተወጉት 33። እነዚያ ምንም ሳያማቸው ነው። የኪያ መገጣጠሚያ ግን አብጦ ነበር፤ ለእሷማ ጥያቄም የለው።

የኪያ እናት፦
ተባረኩ። ስቆጥረው የዚህ ወር ሚካኤል ረቡዕ ነው፤ መወጋት የነበረባት ሰኞ ነው ለካ። ሰኞ ሆስፒታል እንሄዳለን። ወንድሟም ጉሮሮዬን እያለ ነው፣ አብሬ ልውሰደው?

ሲስተር መ.፦
ውሰጂው። እሱ ግን እስከ ሰኞ አይቆይ፣ ነገ ጤና ጣቢያ ይታይ።