«ምሬዋለሁ፤ ይቅር ግን አላልሁትም» ምን ማለት ነው?

የቢቸናው፦
እንዴት ሰነበታችሁ? አንድ አባባል ሰሞኑን ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል።
የኪዳነ ምሕረት ዕለት ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ሽምግልና ላይ ነበርሁ። ነገሩ የድንበር ነው። የአንዱ በሬ የጎረቤቱን ጤፍ ይገባበታል። ባለ ጤፉ ይሳደባል፣ ባለ በሬው ዱላ ያነሳል። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የለም። ሽማግሌዎቹ ባለ ጤፉን «በል እንግዲህ፣ ለእግዜር ብለህ ተው» አሉት። ብድግ አለ። ጋቢውን አጣፋና «ምሬዋለሁ፤ ይቅር ግን አላልሁትም» ብሎ ተቀመጠ።
ምን ማለትህ ነው ያለው የለም። አንዱ ሽማግሌ «ይበቃል፣ ይበቃል» አለና ጠላው ተቀዳ። እኔ ግን ግራ ገባኝ። መማርና ይቅር ማለት አንድ አይደሉም እንዴ?

የሞጣ ልጅ፦
ቀላል ነው። ጠላው እስኪያልቅ ምሮታል። ሲያልቅ ይጠላዋል። «ጠላት» የሚለው ቃልም ከጠላ ሳይመጣ አይቀርም፤ ስንት ጠላት ያፈራነው ጠላ ቤት አይደል?

ሐመሩ ሐ፦
ኧረ በማርያም! ጠላት ከ«ጸልአ» ነው፣ በጸሎቱ ጸ። ግእዙ «አፍቅሩ ጸላእተክሙ» ሲል ነው እኛ «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የምንለው። ጸ ወደ አማርኛ ሲወርድ ጠ ሆነ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው አ ተዋጠች፣ «ጠላ» ቀረ። መጠጡ የማይዛመደው ሞክሼ ነው።

የሞጣ ልጅ፦
ሐዋርያውስ «ጠላትህ ቢጠማ አጠጣው» ብሎ የለ? ምን እንደሚያጠጣው አልጻፈም። እኛ አገር ግን የታወቀ ነው።

ባሕር ዳሬ፦
እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። «ጸልአ» ጠላ፣ «ጸለየ» ለመነ። ጌታ ስለ ጠላት በተናገረበት ቦታ ላይ ሁለቱም አሉ፤ ጸላእተክሙ፣ ወጸልዩ። አንድ ሥር ቢሆኑስ? ማለቴ ጥላቻው ተገልብጦ ጸሎት ሆነ እንደ ማለት።

ዘዋሸራ፦
ልጄ፣ ጌታ በግእዝ አላስተማረም።
ግሱን አውርደው እስኪ። ጸልአ መድረሻው አ ነው። ጸለየ መድረሻው የ ነው። ጸላኢ ጠላት ነው፣ ጸላዪ የሚጸልይ ነው። እኔ ዋሸራ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ የተማርሁትን በስልክ አትገልብጡት። ለቅኔ ግን ያምራል፣ አልዋሽም። አንድ ጉባኤ ቃና ይወጣዋል።

የሞጣ ልጅ፦
የኔታ፣ ያን ጊዜ ያሳደደዎትን ውሻ ምረውታል ወይስ ይቅር ብለውታል?

ዘዋሸራ፦
ምሬዋለሁ። ጠባሳው ግን እግሬ ላይ አለ።

የቢቸናው፦
እንዲያውም ይኼ ወደ ጥያቄዬ ይጠጋል! ጠባሳው ካለ ይቅር አላሉትም ማለት ነው?

የቡሬዋ፦
ሃያ ዓመት አማርኛ አስተምሬያለሁ፣ እስኪ ልሞክር። «ማረ» ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄድ። ንጉሥ ሞት የተፈረደበትን ይምራል። ፈጣሪ በሽተኛን ይምራል። ሰው ሲያስነጥሰው «ይማርህ» እንላለን፣ ማስነጠስ ደግሞ በደል አይደለም። ለሞተ «ነፍስ ይማር» ነው፤ «ነፍስ ይቅር ይበል» ያለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ይቅርታ ግን ጎን ለጎን ነው፣ ጎረቤት ለጎረቤት። ስለዚህ ሰውየው «ምሬዋለሁ» ሲል ከላይ ሆኖ ነው የተናገረ። «ልመታው እችል ነበር፣ አልመታሁትም» ነው ነገሩ። «ይቅር አላልሁትም» ማለቱ እኩያዬ አድርጌ አልታረቅሁትም ነው።

ባሕር ዳሬ፦
እትዬ፣ ይኼማ ጨረሰው!

ዘዋሸራ፦
ምኑን ጨረሰው? ማቴዎስ 18ን ክፈች። እልፍ መክሊት ዕዳ የነበረበት ባሪያ መቶ ዲናር ያበደረውን ባልንጀራውን አንቆ ያዘ። ጌታው ጠርቶ ምን አለው? «እኔ እንደ ማርሁህ» አንተስ ባልንጀራህን ልትምረው አይገባህም ነበር ወይ ነው ያለው። ባልንጀራ ነው እንግዲህ፣ ባሪያ ለባሪያ። ወዴት አለ ላይና ታቹ?

የቡሬዋ፦
እዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ደግሞ ወንድሞቻችሁን ከልባችሁ «ይቅር ካላላችሁ» ይላል። ዕዳው ላይ ማረ፣ ልቡ ላይ ይቅር። የኔታ፣ ለእኔ መሰከሩልኝ እኮ።

ዘዋሸራ፦
እሱ የአማርኛው ተርጓሚ ምርጫ ነው።

የቡሬዋ፦
ሰውየውስ በምን ቋንቋ ነው የተናገረ?

ባሕር ዳሬ፦
አንድ ነገር ልጨምር። «ማርኩህ» እና «ማረክኩህ» አይቀራረቡም? የተማረከ ሰው በማራኪው እጅ ነው፤ ወይ ይገደላል ወይ ይማራል። 1874 እምባቦ ላይ ምኒልክ የእኛን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ማረኳቸው፣ ከዚያ ቁስላቸውን አስታመሙ። ማረከ፣ ማረ። ከአንድ ቤት የወጡ ቃላት ናቸው የምለው እኔ።

የሞጣ ልጅ፦
እምባቦን በዚህ ቤት ማን አንሳ አለህ? ይኼን አልምርህም፣ ይቅርም አልልህም።

ሐመሩ ሐ፦
አንደኛ፣ ጎጃሜ «ማርሁህ» ነው የሚል። «ማርኩህ» ሸገር ስትመላለስ ያመጣኸው ነው፣ ንድፈ ሐሳብህም የቆመ በእሷ ኩ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ማረከ ግእዙ «ማህረከ» ነው። ከ የራሱ ፊደል ናት፣ ቅጥያ አይደለችም።
ዋናው ነገር ሌላ ነው። አማርኛ ጉሮሮውን ስላጣ ሦስት ቃል አንድ አፍ ሆነብን። መሐረ በሐመሩ ሐ፣ ራራ፣ ማረ፤ ምሕረት ከሱ ነው። መሀረ በሃሌታው ሀ፣ አስተማረ፤ ትምህርት፣ መምህር፣ ምሁር ከሱ ናቸው። መዓር በዓይኑ ዐ ደግሞ የንብ ማር ነው። ሦስቱም አማርኛ ላይ «ማር» ሆነው ቁጭ አሉ። «ተማረ» ስትል ቀለም ቆጠረ ይሁን ከሞት ተረፈ ማን ያውቅልሃል? ለዚህ ነው ፊደሉ ይጠበቅ የምለው።

የሞጣ ልጅ፦
ማር፣ ትምህርትና ምሕረት። ሦስቱም ከጎጃም ነው የወጡ በለኛ!

ዘዋሸራ፦
ይኼስ ደህና ኅብር ነው። ልጁ ሳያውቀው ተቀኘ።

ጠበቃው ከማርቆስ፦
ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። ሕጉ ሁለቱን ለያይቷቸዋል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 229 ይቅርታ ነው፣ 230 ደግሞ ምህረት ነው። ይቅርታ ሲሰጥ ቅጣቱ ይቀራል ወይም ይቀልላል እንጂ ጥፋተኛነቱ መዝገብ ላይ አለ። ምህረት ሲሰጥ ግን ጥፋቱ ራሱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ክስም ካለ ይቋረጣል። በሕግ ዓይን ምህረት ይበልጣል ማለት ነው። ሰውየው ትልቁን ሰጥቶ ትንሹን ነው የከለከለው።

ሐመሩ ሐ፦
ጠበቃችን፣ «ምህረት» ብለህ በሃሌታው ህ ጻፍህ። በዚህ አጻጻፍ መንግሥት እስረኛውን አስተማረው እንጂ አልማረውም።

ጠበቃው ከማርቆስ፦
አዋጁም እንዲያ ነው የሚጽፈው።

ሐመሩ ሐ፦
አዋጁም ይታረም።

ጠበቃው ከማርቆስ፦
አንተ አማርኛ ጉሮሮውን አጥቷል አላልህም? ከጠፋ ድምፅ በኋላ ፊደሉን ማን ይለየዋል? ሕዝብ የማይሰማውን ልዩነት እኔ ለምን እጽፈዋለሁ?

ሐመሩ ሐ፦
ስለዚህ «ሠረቀ» እና «ሰረቀ» አንድ ይሁኑልህ? ፀሐይ ወጣ ለማለት ፈልገህ ፀሐይን ሌባ ልታደርጋት?

ዘዋሸራ፦
በሐመሩ ሐ እስማማለሁ። «መሐረነ አብ» ሲባል ሃሌታ ካስገባህ «አብ አስተማረን» ብለሃል። እሱም ክፉ አይደለም፣ ግን የለመንኸው ሌላ ነበር።

ባሕር ዳሬ፦
የአለቃ ኪዳነ ወልድ መዝገበ ቃላት ላይ ሁለቱን ልፈልግ ገብቼ ሀ ላይ ጀምሬ ጠፋሁ።

ሐመሩ ሐ፦
በአበገደ ነው የተደረደረ። ሀለሐመ ብለህ ከገባህ እስከ ፋሲካ አትወጣም።

(እዚህ ላይ ስለ ሀ ብቻ አርባ መልእክት ተጽፏል። ወደ ሌላ ክር አዛውሬዋለሁ። እዚያ ተናከሱ። አወያይ)

የቢቸናው፦
ወገኖቼ፣ ሰውየው አልጻፈም። ተናገረ እንጂ።

የቡሬዋ፦
እውነትህን ነው፣ እንመለስ። ጠበቃው ያለው አስገርሞኛል። መዝሙር 50 ላይ «ወበከመ ብዝኀ ምሕረትከ ደምስስ አበሳየ» ይላል። ምሕረትና መደምሰስ አብረው ናቸው። እንዲያ ከሆነ በመጽሐፉም በሕጉም ምሕረት ትልቁ ነው፣ የእኔ ላይና ታች ተናጋ። ግን «ይቅር»ን አፍ ላይ እንዳለ እንየው። «ቀረ» ነው ሥሩ። ይቅር ማለት እዚያው ይቅር፣ አብሮን አይምጣ ነው። አያቴ የሰው ነገር ሲነሳባት «እሱ ቀርቷል፣ አታንሳብኝ» ነበር የምትል። ሰውየው እንግዲህ ክሱን አነሳ፣ ዱላውን ጣለ። ነገሩን ግን እዚያው ዋርካው ሥር ትቶት አልሄደም። ይዞት ቤቱ ገባ።

ዘዋሸራ፦
አሁን ያዝሽው። ግእዙም እንዲያ ነው። አቡነ ዘበሰማያት ላይ «ኅድግ ለነ አበሳነ» እንላለን። ኀደገ ተወ ነው። ሚስቱን ለፈታም ኀደገ ይባላል፣ አገሩን ለለቀቀም። አማርኛው «ይቅር በለን» አለው። መተውና መቅረት ተገናኙ። ሰውየው እንግዲህ ምሕረት እንጂ ኅድገት አልሰጠም።
ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይኼ ሰው ማታ «ከመ ንሕነኒ ንኅድግ» ሲል ምን ይሰማዋል? ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።

ባሕር ዳሬ፦
ቂም በቀል ካነሱ፣ የኔታ፣ «በቀል» ከ«በቀለ» ይሆን? ቂም ዘሩ፣ በቀል ቡቃያው። አልተወውም ማለት ደግሞ አልነቀለውም።

ሐመሩ ሐ፦
አንተ ልጅ ሦስተኛህ ነው። የእህሉ ግእዙ «በቈለ» ነው፣ በቈ። የቂሙ በቀ ነው።

ባሕር ዳሬ፦
ታዲያ ከንፈሩን ያሞጠሞጠው ሰው ቢረሳስ?

ዘዋሸራ፦
ለቅኔ ያምራል።

የሞጣ ልጅ፦
የኔታ ለዚህ ልጅ ሁለት ቅኔ አሳለፉለት። እኔ በማር አንድ ብቻ ነው ያገኘሁ። ይኼ አድልዎ ይቅር አይባልም።

ጠበቃው ከማርቆስ፦
የእትዬ አፈታት ለእኔ ይመቸኛል፣ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ጤፉ ተከፍሎታል? ካሳው ሳይነሳ የታረቁ ከሆነ ሰውየው የተናገረው ቋንቋ አይደለም፣ ሒሳብ ነው። «አልከስም፣ ግን አልተከፈለኝም» እያለ ይሆናል። ሽማግሌውም «ይበቃል» ያለው ስለገባው ነው፣ ጠላውን ያስቀዳውም ለዚያው።

የቡሬዋ፦
ኤዲያ! ሁሉን ነገር ወደ ካሳ ስታወርዱት ምን ይተርፋል? ጠላታችሁን ውደዱ ሲባል ከካሳ በኋላ አልተባለም።

ጠበቃው ከማርቆስ፦
በሬው ጠላት አይደለማ እትዬ፤ ጎረቤት ነው። ከጠላትም የሚከብደው እሱ ነው። ጠላት ጤፍህ ውስጥ በየቀኑ አይገባም።

ዘዋሸራ፦
ይኼ ጠበቃ ሰባኪ ቢሆን ይሻለው ነበር።

የቢቸናው፦
እንግዲህ ስሙኝ። ትናንት ገበያ ላይ ሰውየውን አገኘሁት። በግ እየጎተተ ነው። አላስቻለኝም፣ ጠየቅሁት። «አባ፣ ያን ዕለት ምሬዋለሁ፣ ይቅር ግን አላልሁትም ያሉት ምን ማለት ነው?»
ቆሞ አየኝ። «እንዲያ ብያለሁ?»
«ብለዋል፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»
«እኔ እንጃ ልጄ። ምላሴ ላይ የመጣልኝን ነው ያልሁ» አለና በጉን ጎተት አደረገው። ትንሽ ሄድ ብሎ ዞር አለ። «በሬውም ትናንት ማታ ተመልሶ ገብቷል።»

የሞጣ ልጅ፦
በሬው ግን ምን አስቦ ነው?

ሐመሩ ሐ፦
ምላሱ ላይ የመጣለት በየትኛው ሐ ነው? ጠይቅልኝ።