የቤት ቅጂ አልበማችንን ማስተሪንግ (ከመውጣቱ በፊት የሚደረገውን የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) ለማን እንስጥ?

ጥያቄ፦
አራት ሆነን 9 ዘፈን መኝታ ቤት ውስጥ ቀድተን ጨረስን። ሚክሱን፣ ማለትም የመሣሪያዎቹንና የድምፆቹን ማመጣጠን፣ የሠራሁት እኔው ነኝ። ቤዙ በጆሮ ማዳመጫ ልክ ነው፣ መኪና ውስጥ ግን በሩን ያንቀጠቅጣል። ለማስተሪንጉ በደቂቃ የሚጨርሰው የኢንተርኔት ማሽን ይሻላል ወይስ ሰው?

መልስ 1፦
ሰው። ማሽኑን ሞክሬዋለሁ፤ ድምፁን ከፍ አደረገልኝ እንጂ «ቤዝህ በዝቷል፣ ሚክሱን አስተካክለህ ላክ» አላለኝም። አልበም ደግሞ ዘጠኙም ተያይዘው ሲሰሙ ነው አልበም የሚሆነው። ለሁለት ሦስት ባለሙያዎች ያንኑ አንድ ዘፈን ላክና ናሙና ጠይቅ። ስታወዳድር የሁሉንም ድምፅ መጠን እኩል አድርግ፤ ጮክ ያለው ሁሌ የተሻለ ይመስላል፣ እኔ አንዴ ተሸውጄበታለሁ።

መልስ 2፦
ከመላክህ በፊት ማስተር ትራኩ (ሁሉም ድምፅ ተደባልቆ የሚወጣበት) ላይ ሊሚተር፣ ማለትም ድምፁ ከወሰን እንዳያልፍ የሚገድብ መሣሪያ፣ ካለ አንሳው። ፋይሉ 24 ቢት ዌቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ይሁን፤ ኤምፒ ስሪ እንዳትልክ። ስንት ጊዜ በነፃ እንደሚያርሙም አስቀድመህ ጠይቅ። ስፖቲፋይ እንደሆነ በጣም የጮኸውን ወደ -14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ያወርደዋል፣ በጩኸት አትጨነቅ።

ጠያቂው፦
ሊሚተሩ ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በርቶ ነበር! ዛሬ ማታ አጥፍቼ ቤዙንም ቀንሼ መኪናው ውስጥ እሰማዋለሁ።