«ለቤተሰቡ የኖረ» ስንል የትኛውን ቤተሰብ ነው?

የመካኒኩ ልጅ፦
ትናንት ስለ አውሮፕላን መሐንዲሱ ኢጎር ሲኮርስኪ የተጻፈውን አንብቤ እስካሁን ሆዴ አልረጋም። «ከሀገሩ ተሰዶ ሄሊኮፕተርን ለዓለም አበረከተ፤ ከሁሉ በላይ ግን ለቤተሰቡ የኖረ ሰው ነበር» ይላል። ሄሊኮፕተሩን አልነካም፤ እጁ የተባረከ ነው። «ለቤተሰቡ የኖረ» የሚለው ግን አልዋጥልኝ አለ። በ1918 እ.ኤ.አ. ከሩሲያ ሲወጣ ሚስቱ ኦልጋና ሕፃን ልጁ ታንያ እዚያው ቀርተዋል። በ1923 ልጅቱን ይዘው አሜሪካ የገቡት እህቶቹ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት እሱ ሌላ ሚስት አገባ፤ ከእርሷም አራት ወንዶች ልጆች ወለደ። ታዲያ የኖረው ለየትኛው ቤተሰብ ነው? የሚያውቅ ይንገረኝ።

ከሃንጋር፦
ጽሑፉ የእኔ ነው፤ አልሸሽም። እኔም በሰው ሀገር በአውሮፕላን ጥገና 19 ዓመት ቆይቻለሁ፤ ሰውየውን የማየው እንደ ወንድም ነው። እህቴ፣ በዚያ ዓመት ሩሲያ ውስጥ የነበረውን አስቢ። ሲኮርስኪ በ1913 ባለ አራት ሞተር አውሮፕላን ሠርቶ ያበረረ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ቀርቦ ሥራውን የጎበኘለት ሰው ነው። ኢሊያ ሙሮሜትስ የተባለው ቦምብ ጣዩ ከ70 በላይ ተሠርቶ በጦርነቱ ዘምቷል። አብዮቱ ሲመጣ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይጠብቀው ነበር? አውሮፕላኑ የተሠራበት ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ሺድሎቭስኪ በዚያው በ1918 ወደ ፊንላንድ ሊሻገር ሲል ከልጁ ጋር ተገደለ። ሲኮርስኪ በሙርማንስክ በኩል በመርከብ ባይወጣ ኖሮ ታንያ አባት የሚባል ላታውቅ ትችል ነበር።

የመካኒኩ ልጅ፦
መውጣቱን መቼ ኮነንኩ? ሞት ደጁ ላይ ለቆመበት ሰው «ውጣ» የማይል የለም። እኔ የያዝኩት ቃሉን ነው። ነፍሱን ለማዳን ወጣ በል፣ እቀበላለሁ። ለሙያው ኖረ በል፣ ከአንተ ጋር እመሰክራለሁ። «ለቤተሰቡ» ስትል ግን ኦልጋን ከቤተሰብ መዝገብ ፋቅሃት። አንድ መስመር እንኳ አልሰጠሃትም።

ደጉ ዘመን፦
ሁለታችሁም ዋናውን ጉዳይ ጥላችሁ በሚስትና በልጅ ትከራከራላችሁ። ጥያቄው ሀገር ነው። ሩሲያ አስተማረችው፣ ፋብሪካ ሰጠችው፣ አከበረችው፤ ሲጨንቃት ጥሏት ሄደ። ይህን ሰው ለልጆቻችን አርአያ ስናደርግ «ተማሩና ሂዱ» እያልን ነው። የቀሩ መሐንዲሶች አልነበሩም? ፖሊካርፖቭ እኮ በሲኮርስኪ ሥር የሠራ ነው። ቀረ፣ ለሀገሩ ሠራ። ቱፖሌቭም ቀረ።

ታሪክ ወዳድ፦
ጋሼ ደጉ ዘመን፣ ቀሩ ሲሉ የት እንደቀሩም ይንገሩን። ፖሊካርፖቭ በ1929 ታሰረ፣ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ሳይፈጸም እስር ቤት ሆኖ ተዋጊ አውሮፕላን እንዲነድፍ ተደረገ። ቱፖሌቭ በ1937 ተያዘ፤ ቱ-2 የተባለውን ቦምብ ጣይ የነደፈው እስረኛ ሆኖ ነው። በካርኪቭ ይሠራ የነበረው የአውሮፕላን ነዳፊ ካሊኒን ደግሞ በ1938 ተረሸነ። እነዚህ ሰዎች ምን በደሉ? ሀገራቸውን ወደዱ፤ ሀገራቸው በምላሹ ያደረገችላቸው ይህን ነው።

ደጉ ዘመን፦
ልጄ፣ ያልከው ሁሉ እኔን ያግዛል። በእስር ቤት ሆነው እንኳ ለሀገራቸው ነደፉ! ፖሊካርፖቭ ከእስር ወጥቶ ኢ-16 የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ሠራ። ከመታሰሩ በፊት የነደፈው ኡ-2 ደግሞ አብራሪ ማሠልጠኛ ሆነ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሴት አብራሪዎች ሌሊት እየተነሡ ጠላት የደበደቡበትም እርሱ ነው። ሀገር ሲበድልህ ሀገር መሆኑ አይቀርም። እናትህ ብትቆጣህ ሌላ እናት ትፈልጋለህ?

ታሪክ ወዳድ፦
እናት ትቆጣለች እንጂ አትረሽንም። ቁጣንና ጥይትን አንድ አድርገው አይመዝኑብን።

የኪየቭ ተማሪ፦
ይቅርታ፣ አንድ ነገር ላርም። ሁላችሁም «ሩሲያ፣ ሩሲያ» ትላላችሁ። ሰውየው በ1889 የተወለደው ዛሬ የዩክሬን ዋና ከተማ በሆነችው በኪየቭ ነው። በኪየቭ ፖሊቴክኒክ ተምሯል፤ ለሄሊኮፕተር የሞከራቸውን ሁለት መሣሪያዎች በ1909 እና በ1910 የሠራውም እዚያው ነው፤ ሁለቱም አልተሳኩም። እኔ የተማርኩበት ያ ተቋም ዛሬ በስሙ ይጠራል፤ ከከተማው አውሮፕላን ማረፊያዎች አንዱም እንዲሁ። ስለዚህ ጋሼ «ሀገሩን ጥሎ ሄደ» ሲሉ የትኛዋን ሀገር ማለትዎ ነው?

ደጉ ዘመን፦
ሰውየው ራሱ የቤተሰቡን ዘር ከሩሲያ ነው ሲል የኖረ ነው። በራሱ አፍ የተናገረውን እኛ ልንቀይርለት አንችልም።

የኪየቭ ተማሪ፦
የተወለደበትን ከተማስ እርስዎ ሊቀይሩት ይችላሉ? በዚያ ከተማ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሰዎቹ ስሙን ሲጠሩት ፊታቸው ይበራል። ያን ኩራት ማንም እንዲወስድባቸው አልፈልግም።

የመካኒኩ ልጅ፦
ወንድሞቼ፣ ስለ ሀገሩ ሃያ ጊዜ ተጻፈ፤ ስለ ኦልጋ የመለሰ አንድም የለም። ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ። ታላቅ ሰው ሲነሣ ሀገሩ የማን እንደሆነ እንጣላለን፤ ጥሏት የሄደው ሴት የማን እንደሆነች ግን አንጠይቅም።

ከሃንጋር፦
እሺ፣ እኔ ልመልስ። እሷ ከእርሱ ጋር ልትሄድ እንዳልፈለገች ነው የገባኝ፤ በባልና ሚስት መካከል የነበረውን ግን እኔም አንቺም አናይም። እኔ የማየው ከዚያ በኋላ ያደረገውን ነው። በ1919 ኒው ዮርክ ሲደርስ ሥራ አልነበረም፤ ጦርነቱ አልቆ አውሮፕላን የሚያሠራ ጠፍቷል። ለስደተኛ ሩሲያውያን ሒሳብ እያስተማረ ቀን አሳለፈ። በ1923 ሎንግ አይላንድ ላይ በአንድ ወዳጁ የዶሮ እርባታ ግቢ ኩባንያ አቋቋመ። ያሰባሰባቸው ሠራተኞች አብዛኞቹ እንደ እርሱ የተሰደዱ ናቸው፤ ደመወዝ ሳይከፈላቸው የሚሠሩበት ጊዜ ነበር። ገንዘቡ ሲያልቅ የሙዚቃ ሊቁ ራክማኒኖፍ የ5,000 ዶላር አክሲዮን ገዛ፤ ስሙ ሌሎችን እንዲስብም ምክትል ፕሬዚዳንት ለመባል ፈቀደ። አውሮፕላኑ በ1924 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ የሠሩት ሰዎች «እኛም እንግባ» አሉት። ክብደቱ እንደሚበዛ መሐንዲሱ ያውቃል፤ እምቢ ማለት ግን አልቻለም። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ብዙም ሳይርቅ ወደቀ፤ ሰው አልሞተም፤ ጠግነው እንደገና አበረሩት። እኔ «ቤተሰብ» ስል ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ለእነዚያ ሰዎች አባት ነበር።

የመካኒኩ ልጅ፦
«ለእነዚያ ሰዎች አባት ነበር።»
ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ስለ አባቴም እንዲሁ ነው የሚሉት። አባቴ የሞተር መካኒክ ነበር። የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሄደ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ አየሁት። ገንዘብ ቀርቶብን አያውቅም፤ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ይደርሳል። ሲሞት አብረውት የሠሩ ሰዎች ከየሀገሩ መጥተው «አባታችን ነበር፣ ሙያ ያስተማረን እርሱ ነው» እያሉ አለቀሱ። እውነታቸውን ነው፤ በጣም እወድደዋለሁ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር አለቀስኩ። ነገር ግን እነርሱ የሚያወሩትን ሰው እኔ አላውቀውም ነበር። የሞተር ድምፅ ሰምቶ የቱ ጋ እንደታመመ የሚናገር፣ ሌሊት ፈረቃ ላይ ዘፈን የሚዘፍን ሰው። ለእኔ ግን አንድም ቀን አልዘፈነልኝም። ስለዚህ «ለቤተሰቡ የኖረ» ስትል ለማን እንደምትናገር እወቅ፤ ከአንባቢዎችህ መካከል ታንያዎች አሉ።

እናት ነኝ፦
እህቴ፣ እንባዬን አመጣሽው። ባለቤቴ ውጭ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን። ለልጆቼ «አባታችሁ ለእናንተ ነው የሚደክመው» እላቸዋለሁ። ይህ ውሸት ነው እንዴ? ካልነገርኳቸው በምን ያውቁታል?

የመካኒኩ ልጅ፦
ውሸት አይደለም፣ የኔ እህት። እናቴም እንዲሁ ትለኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጣት። ደከመልኝ፤ ይህን አልክድም። መድከምና አብሮ መኖር ግን ሁለት ነገር ነው፤ የኔ ነገር እዚህ ላይ ነው።

ታሪክ ወዳድ፦
አንድ ነገር ልጨምር፤ ለማንም ወግኜ አይደለም። በኅዳር 1945 በኮኔቲከት ዳርቻ፣ በማዕበል የተያዘች የነዳጅ ጀልባ ላይ የነበሩ ሁለት ሰዎች በሄሊኮፕተር ገመድ ተጎትተው ዳኑ። ሄሊኮፕተሩን ያበረረው ዲሚትሪ ቪነር የሲኮርስኪ የእህት ልጅ ነው። የመጀመሪያው ወንድ ልጁም ሲያድግ በዚያው በሄሊኮፕተር ሥራ ቀጠለ። ሰውየው ቤተሰቡን ወደ ሥራው ያስገባ ነበር እንጂ ከሥራው ውጭ ያቆመ አልነበረም።

የመካኒኩ ልጅ፦
ወደ ሥራው የገባ ቤተሰብ ሆነ፤ ያልገባስ?

ደጉ ዘመን፦
እኔ የምለው ይህን ነው! ሁሉም በሀገሩ ቢቀር እህታችን አባቷን ታውቀው ነበር። የሄደ ሰው ሀገሩንም ልጁንም ነው የሚያጣው።

ታሪክ ወዳድ፦
ሺድሎቭስኪ እንኳ ሲሸሽ ነው የሞተው፤ ልጁም አብሮት ሞተ። ካሊኒን አልሸሸም፣ ተረሸነ። ጋሼ፣ ይህን ሳይመልሱ አይለፉ።

ደጉ ዘመን፦
ስለ 1918 አይደለም የማወራው፣ ስለ ዛሬ ነው። ዛሬ የሚሄደውን ማን ሊረሽነው ነው?

ከሃንጋር፦
ጋሼ፣ ዛሬ የሚሄደው እኔ ነኝ። የሚረሽነኝ አልነበረም፤ እናቴን የማሳክምበት ገንዘብ ግን አልነበረኝም። ያንን ከመርማሪዎች ፊት እንደቆመ ሰው አልናዘዝም።
የመካኒኩ ልጅ፣ መስመሩን ደጋግሜ አየሁት። ልሰርዘው ብዬ ተነሣሁና እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሴት ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ካየኋት አራት ዓመት ሆነኝ። ያንን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ስለ ሲኮርስኪ ብቻ አልነበረም የጻፍኩት።

የመካኒኩ ልጅ፦
ገብቶኝ ነበር። መስመሩን አትሰርዘው፤ ኦልጋንና ታንያን ጨምርበት።

የኪየቭ ተማሪ፦
ሲጨምር ኪየቭንም ይጨምር። «ከሀገሩ ተሰዶ» ብቻ ብሎ አይለፈው።

ደጉ ዘመን፦
አይጨምርም! ሰውየው ራሱ ያላለውን?