እናቴ አጎበሩን ብቅል ላይ ዘርግታዋለች፣ ምን ብዬ ላሳምናት?

የጉማራ ልጅ፦

ሰላም ናችሁ? በተለይ ጤና ላይ የምትሠሩና ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። እናቴ ፎገራ ናት፤ ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ጉማራ ወንዝ አጠገብ። አካባቢውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሜዳው ክረምቱን ሙሉ ውኃ ይተኛበታል። ለሩዙ ደግ ነው። ውኃው መጉደል ሲጀምር ግን ወባው ይነሣል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በወባ ሰው ያልተኛበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው።

ለመስቀል ወርጄ ነበር። ግቢ ስገባ በቀበሌ የታደለው ሰማያዊ አጎበር መሬት ላይ ተወጥሯል። አራቱም ጫፍ ላይ ድንጋይ ተጭኗል። ከሥሩ የጠላ ብቅል ተሰጥቷል። ዶሮዎቹ ከላይ ሆነው ይጭራሉ፤ አንድም ፍሬ አያገኙም። እውነት ለመናገር ለዶሮ መከላከያነቱ እንከን አይወጣለትም። ሌላኛው አጎበር ተቆራርጦ የጓሮ ጎመን አጥር ሆኗል። ሦስተኛው ከነፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ማታ ልተኛ ስል እሱን አውርዳ እኔ አልጋ ላይ ወጠረችልኝ። "አንተ የአዲስ አበባ ልጅ ነህ፣ ደምህ አልለመደውም" አለችኝ። እሷ መደቧ ላይ እንዲሁ ተኛች።

ስጠይቃት መልስ አታጣም። አጎበር ትኋን ያፈላል። ደግሞ ያፍናል። ወባ የሚመጣውም ከእሸት በቆሎና ከአገዳ ነው። ሁሉም ካላዋጣ "እኛ በአጎበር ነው እንዴ ያደግነው?" ትላለች። ሲያተኩሳት መጀመሪያ ምች ነው፤ ዳማከሴ ይታሽና ይጠጣል። ጤና ኬላ የምትሄደው አልጋ ስትይዝ ነው።

የሚገርመው የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ድረስ መጥታ አስተምራታለች። ትምህርቱን በቃሏ ትወጣዋለች። "ትንኟ የምትራባው ባቆረ ውኃ ላይ ነው" ብላ እኔኑ አስተማረችኝ። ከዚያ ሄዳ ብቅሏን ገለበጠች። ምን ልበላት?

ቆራጡ፦

ምን ትለፋለህ ወንድሜ። በነጻ ሲሰጥ እንዲህ ነው። አጎበር ለሌላ ነገር ያዋለ ሰው ይቀጣል ቢባል በሳምንት ውስጥ ሁሉም ሰቅሎ ታያለህ።

የቀበሌዋ እህት፦

ቆራጡ፣ ቅጣቱ እኛ ቀበሌ ተሞክሯል። ሰቀሉ፣ አዎ። ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን።

የጉማራ ልጅ፣ እኔ ራሴ ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴት ተብሎ ነበር። እኛ ጋ አሁንም ያው ሁለት ነን። ሁለት ሰው ቤት ለቤት እየዞረ ብዙ ጊዜ የሚያስተምረው ሰው የሚያውቀውን ነው። እናትህ ዕውቀት አልጎደላቸውም። ያስቸገራቸው ዶሮ ነው። ዶሮውን መላ ካላልክለት አጎበሩ ነገም ብቅሉ ላይ ነው። ከወረታ ገበያ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት ገዝተህ በእንጨት ፍሬም አስመታላቸው። ደግሞ አጎበሩ ኬሚካል አለበት፤ በሚበላና በሚጠጣ ነገር ላይ የሚዘረጋ ዕቃ አይደለም። ይህን ስትነግራቸው ከወባው ይልቅ ስለ ጠላው ይሰሙሃል፤ እኔ ስንት ቤት ያሳመንኩት በዚህ ነው።

ትኋኑን በተመለከተ እናትህ ከባዶ ተነሥተው አይደለም የሚናገሩት። መጀመሪያ አጎበር የታደለ ጊዜ ትኋኑም ቁንጫውም አብሮ ያልቅ ነበር። ሰውም የወደደው ስለ ወባ ብቻ ብሎ አይደለም፤ ሌሊቱን ሳያክ ስላደረ ነው። በኋላ ትኋኑ ኬሚካሉን ለመደው። አሁን አጎበሩ መታጠፊያና ስፌት ላይ ሲሰፍር ያዩና "አጎበሩ አመጣው" ይላሉ። መፍትሔው አጎበሩን መጣል ሳይሆን መደቡን ማከም ነው። ቁርበቱንና ሰሌኑን አውጥቶ ፀሐይ ማስመታት፣ ልብሱን መቀቀል፣ የአልጋው መጋጠሚያ ላይ የፈላ ውኃ ማፍሰስ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ መምረግ።

ምርጊቱን ግን ከርጭት በፊት! ይህን በትልቁ ጻፍልኝ። እኛ ጋ የኬሚካል ርጭት የሚደረገው ክረምት መውጫው ላይ ነው። ትንኟ ደም ጠጥታ ግድግዳው ላይ ስታርፍ ነው ኬሚካሉ የሚገድላት። እናቶች ደግሞ ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ቤቱን በእበትና በጭቃ ይለቀልቃሉ። ወራት ሊቆይ የሚችል ኬሚካል በአንድ ቅዳሜ ከጭቃ ሥር ይቀበራል። ቤቱ ያምራል፣ ትንኟም ትስማማለች። "አትለቅልቁ" ብዬ የተሰማሁበት ዓመት የለም፤ ለእንቁጣጣሽ ቤቷን ሳትለቀልቅ የምታድር ሴት ከየት ይመጣል? "ርጭቱ ከመምጣቱ በፊት ለቅልቁ" ስል ግን ይሰማሉ።

"ያፍናል" ለሚለው፣ አጎበሩ ብዙ ጊዜ ዝቅ ብሎ ስለሚሰቀል ነው። ፊታቸው ላይ ከወደቀ ማንም ሰው ይታፈናል። ገመዱን ከማገሩ ከፍ አድርገህ እሰረው፤ ጫፉ ከቁርበቱ ሥር እንዲገባ ብቻ ይትረፍ። ጠዋት ጠቅልሎ ከፍ ማድረግ ነው፤ አለዚያ የምድጃ ጢስ ያጠቁረዋል፣ ድመትም ትቀድደዋለች። አዲሱን ከፕላስቲክ አውጥቶ አንድ ቀን ጥላ ላይ ማናፈስ፤ ፊት የሚያቃጥለው በዚያው ቀን ሲተኙበት ነው። ሲታጠብ በቀዝቃዛ ውኃና በልብስ ሳሙና ብቻ፣ ያለ በረኪና፣ እሱም ቢበዛ በሦስት ወር አንዴ። ጥላ ላይ ይሰጣ። ጉማራ ወንዝ ወስደው እንዳያጥቡት፤ ኬሚካሉ ዓሣ ይፈጃል።

"ደምህ አልለመደውም" ያሉህ ነገር በከፊል ልክ ነው። ዓመቱን ሙሉ ወባ በማይጠፋበት አገር ትልቅ ሰው በመጠኑም ቢሆን ይላመደዋል። ፎገራ ግን ወባው ወቅት ጠብቆ ነው የሚመጣው፤ የእሳቸውም ደም አስተማማኝ አይደለም። "በአጎበር ነው ያደግነው?" ሲሉህ በጨዋ ደንብ በዕድሜ የገፉትን አስጠይቃቸው። በፈረንጆቹ 1958 የተነሣው ወባ በተለይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን ሰፊ አገር ነው ያጠቃው፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ከእነሱ ያደገም አለ፣ ያላደገም አለ።

የመተማው አጫጅ፦

እህታችን ሁሉን ብላዋለች። እኔ አንድ ነገር ልጨምር። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ መተማ ወርደን እንሠራ ነበር። ከጎጃም ደጋ፣ ከጋይንት፣ ከየትም የመጣ ጎረምሳ አለ። ወባ አይቶ አያውቅም። ቀን ላቡ ሲፈስ ውሎ ማታ ሜዳ ላይ ዘርፈጥ ብሎ ይተኛል። አጎበር አለ ቢባልስ ሜዳ ላይ ምን ላይ ይሰቀላል?

እኛ አራት ቀጥ ያለ እንጨት መሬት ላይ ተክለን በማዳበሪያ ክር ነበር የምናስረው። ነፋስ ካልበዛ ይቆማል። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ከኛ ጋር የሚያጭዱ፣ ሳይሰቅል የሚተኛን ልጅ "ደመወዝህን ለኮአርተም ነው የምትሠራው?" እያሉ በወባ መድኃኒቱ ስም ያሾፉበታል። ከፖስተሩ ሁሉ የሠራው የሳቸው ሹፊያ ነው። ግራር ሥርና የተሰነጠቀ ጥቁር አፈር ላይ መተኛትም ክፉ ነው፤ ካላዛር የሚባለውን ክፉ በሽታ የምታመጣው የአሸዋ ዝንብ እዚያ ናት።

የሚከፋው ወደ ቤት ሲመለሱ ነው። ልጁ ደጋ ወጥቶ ያተኩሰዋል። እዚያ "ብርድ ነው፣ ምች ነው" ይባላል። ከቆላ መምጣቱን የሚጠይቅ የለም። ቤተሰብ ያላችሁ፣ ከሰሊጥ የተመለሰ ልጅ ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ይመርመር።

ከዚራ ሠፈር፦

የድሬዳዋ ሰው ነኝ። ይህን ሁሉ ሳነብ ነበር፣ ከተማ ያላችሁ "እኛን አይመለከትም" እንዳትሉ ነው የምጽፈው። እኛ ጋ ያለችው ሌላ ዓይነት ትንኝ ናት፣ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ይሏታል። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው በፈረንጆቹ 2016 ቀብሪ ደሀር ላይ ነው። ረግረግ አትፈልግም። በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ይበቃታል። በ2022 ድሬ ላይ ዝናብ በሌለበት ወቅት ወባ ሲነሣ ብዙ ሰው ግራ ገብቶት ነበር።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ "በርሜል አትሙሉ" ማለት ቀልድ ነው። እናቴ በርሜሏን በነጠላ ጨርቅ ሸፍና በጎማ ቀለበት ታስረዋለች። በሳምንት አንዴ አድርቃ ታሻሸዋለች። ሮቶ ያላችሁ ክዳኑን እዩ። ግማሹ ክዳን ነፋስ የወሰደው ነው።

የጉማራ ልጅ፦

አመሰግናለሁ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። የበቆሎው ነገርስ? እናቴ እዚያ ላይ ንቅንቅ አትልም። በየዓመቱ እሸት ሲደርስ ወባ ይመጣል፣ ታድያ ዓይኔን ልካድ እንዴ ትላለች።

የቀበሌዋ እህት፦

አትከራከራቸው። እኔ ኮርስ ላይ ስሰማው ራሴ ነው የገረመኝ። ቡሬ አካባቢ በተደረገ ጥናት በቆሎ በብዛት በሚዘራበት ቦታ ወባው በዝቶ ተገኝቷል። ምክንያቱ የበቆሎው አበባ ብናኝ ነው። ብናኙ ኩሬ ላይ ሲወድቅ የትንኟ እጭ ይመገበዋል። ጠግቦ ያደገ እጭ ጠንካራ ትንኝ ይወጣዋል። ስለዚህ እናትህ ያዩት ልክ ነው፤ ሆድ ውስጥ የገባው እሸት ግን ጥፋት የለበትም። "በቆሎውን ከቤቱና ከኩሬው ራቅ አድርገን እንዝራ" በላቸው። እንደሚሰሙህ እወራረዳለሁ፤ ምክንያቱም ሐሳቡ የሳቸው ነው።

ዳማከሴውንም አትከልክላቸው። "ይጠጡ፣ ግን በዚያው ቀን ጤና ኬላ ሄደው ጣታቸውን ይወጉ" በላቸው። ውጤቱ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። እኔ "ዳማከሴ ተዉ" እያልኩ ስጮህ የነበረ ጊዜ በሽተኛው የሚመጣው በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ ነበር። አሁን ቅጠሉ እየሸተታቸው ይመጣሉ። ይምጡ ብቻ። በፈረንጆቹ 2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በአገሪቱ ተይዟል፣ 1,157 ሰው ሞቷል። እዚህ ቁጥር ውስጥ ዘግይተው የመጡ እንዳሉበት ሥራውን የምናውቅ እናውቃለን።

ሌላ የምለው፣ የሚነሣ የሚመለስ ዓይነት ወባ አለ፣ ቫይቫክስ የሚባለው። ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ከወራት በኋላ ይነሣል። ለእሱ ፕሪማኩን ይታዘዛል፣ 14 ቀን ይዋጣል። ሰው በአራተኛው ቀን ሲሻለው ይተወዋል። ከዚያ "መድኃኒቱ አይሠራም" ይባላል።

የጉማራ ልጅ፦

አሁን ስልክ ደወልኩላት። ብቅሉ ላይ ኬሚካል አለ ስላት ደነገጠች። "ታድያ ያን ጠላ ለማኅበር አጠጥቼዋለሁ እኮ!" አለችኝ፤ ለማኅበርተኛው ይቅር ይበላት። ወንፊቱን ከላክሁ አጎበሩን ትሰቅላለች። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ጾም ላይ ናት። ኮአርተም ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው ተብሏል፣ እሷ ደግሞ ወተት አትነካም።

የቀበሌዋ እህት፦

ወተት ግዴታ አይደለም። የሚፈለገው ቅባት ነው፤ የሱፍ ፍትፍት ወይም ዘይት ያለበት ሽሮ ይበቃል። ለታመመ ሰው ጾሙን የንስሐ አባታቸው ይፈቱላቸዋል፣ ያንን እሳቸው ከኔ የተሻለ ያውቃሉ። ይልቅ አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ከድሮ ሕመም የተረፈ ኮአርተም ቤት ውስጥ አስቀምጠዋል?

የጉማራ ልጅ፦

ጠየቅኋት። ሙዳይ ውስጥ ሦስት ፍሬ አለ። "ለክፉ ቀን ነው" አለችኝ።

የቀበሌዋ እህት፦

ገምቼ ነበር። አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ የሚውጠው አራት ፍሬ ነው፣ ያውም ስድስት ጊዜ፣ በሦስት ቀን። የሙዳዩን ይዘው ወደ ጤና ኬላ ይምጡ፣ እዚያው ያስረክቡ። የትኩሳት ቀን ባዶ እጃቸውን ይምጡ፣ ተመርምረው ሙሉውን ይወስዳሉ።