የ66 ኮርቬት የፊት ፓራፋንጎ ኦሪጅናል መሆኑን በምን ልለይ?

ሞተረኛው_ሜሪላንድ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። የ1966 ኮርቬት (የሼቭሮሌ ስፖርት መኪና) ኮንቨርተብል፣ ጣሪያው የሚከፈተውን ገዝቻለሁ፣ 327 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር፣ ማንዋል፣ ቀይ። ሻጩ ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ቦዲው ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ምንም አልተነካም ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነው የሸጠልኝ፣ እኔ ደግሞ ቀለሙን አስፍቄ ከመጀመሬ በፊት ነገሩን ማወቅ ፈልጌ ነው። ምን መሰላችሁ፣ በግራ በኩል ፓራፋንጎው (ከፊት ጎማው በላይ ያለው የቦዲ ክፍል) አናት ላይ ከፊት ጀምሮ ወደ ፊት መስታወቱ የሚሄድ ቀጭን መስመር ከቀለሙ ስር ይታያል፣ ፀሐይ ላይ ሲቆም በደንብ ይለያል። ቀኙ ግን ልስልስ ያለ ነው፣ ምንም የለውም። ቦዲ የሚሰራልኝ የኛ ልጅ አይቶት "ግራው ተሰንጥቆ የተጠገነ ነው፣ ኦሪጅናሉ ቀኙ ነው፣ ግራውን ስቱኮ እናልብሰውና እንቀባው" አለኝ። እውነቱን ነው? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ቦሌ_ልጅ፦
ማግኔት አስጠጋበት ወንድሜ፣ ካልያዘ ስቱኮ አለ ማለት ነው

ሻንሲ_ቁጥር፦
ኸረ ቦሌ ልጅ 😄 ኮርቬት እኮ ቦዲው ሁሉ ፋይበር ግላስ ነው፣ ማግኔቱ ኦሪጅናሉንም አይዝም። ማግኔት የሚጠቅመው ከውስጥ ላለው የብረት አፅም ነው፣ በርድኬጅ የሚሉት፣ በተለይ የፊት መስታወቱ ግራና ቀኝ ያሉት ቋሚዎች፣ እዛ ጋ ዝገት በስቱኮ ተሸፍኖ ስንት ሰው ጉድ ሆኗል።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ስቱኮውን እዛው አስቀምጡት!! ልጁ ላሜራ ላይ ጎበዝ ሊሆን ይችላል ግን ይሄን ነገር ገልብጦ ነው ያነበበው። የዛን ዘመን ኮርቬት ቦዲ አንድ ወጥ አይደለም፣ በፕሬስ የወጡ ብዙ ቁራጮች ናቸው፣ ሁለቱ ጠርዝ የሚገናኝበት ቦታ ከስር ጠፍጣፋ የፋይበር ማሰሪያ ይደረግና በማጣበቂያ ይያያዛል፣ ቦንዲንግ ስትሪፕ ይሉታል። ፓራፋንጎውና የላይኛው ክፍል የሚጋጠሙት ደግሞ አንተ ያልከው ቦታ ላይ ነው፣ አናቱ ላይ። ከስልሳ ዓመት ሙቀትና ብርድ በኋላ ያ መገጣጠሚያ በቀለሙ አልፎ ይታያል። ስለዚህ መስመር ያለው ግራው ጥሩ ምልክት ነው፣ እኔን የሚያሳስበኝ ምንም መስመር የሌለው ቀኙ ነው። ወይ በደንብ ተሞልቶ ተቀብቷል ወይ ተቀይሯል።

ማረጋገጫው ከውጭ አይደለም ከውስጥ ነው። መኪናውን አንሳና በደንብ ደግፈው፣ የፊት ጎማዎቹን ፍታ፣ በባትሪ ወደ ላይ እያበራህ የፓራፋንጎውን ጀርባ እይ። የፋብሪካው በሁለት የብረት ሻጋታ መሀል ተጨፍልቆ የወጣ ስለሆነ ጀርባውም እንደ ፊቱ ለስላሳ ነው። በእጅ የተሰራው ግን አንድ ፊቱ ብቻ ነው ለስላሳ፣ ጀርባው የፋይበሩ ክር ፍጥጥ ብሎ ይታያል፣ ፋይበሩን የሚያጠነክረው ፈሳሽ፣ ሬዚኑ፣ እዚህም እዛም ረግቶ፣ እጅህን ብታሳልፍበት ይቧጭርሃል።

ሞተረኛው_ሜሪላንድ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ እፈታዋለሁ። ሌላ ሰው ደግሞ ታጉ (መኪናው ላይ የተመታው ትንሽ የብረት ሰሌዳ) ላይ ያለው ቁጥር ይነግርሃል ብሎኝ ነበር?

ዳላስ_ቪ8፦
ታጉ ስለ ፓነሉ ምንም አይነግርህም ብሮ፣ ስለ መኪናው ግን ይነግርሃል። ከጓንት ሳጥኑ ስር ሁለት ታግ አለ፣ አንደኛው የቪን፣ የመኪናው መለያ ቁጥር ነው፣ 19467 ብሎ ከጀመረ ኮንቨርተብል ሆኖ ነው የተወለደው፣ 19437 ከሆነ ኩፔ፣ ጣሪያው የማይከፈተው ነበር፣ ያኔ ሌላ ወሬ ነው የምናወራው። ሌላኛው ትሪም ታግ ነው፣ የቀለምና የቦዲ ቁጥር ያለበት፣ የቀለም ኮዱ 974 ከሆነ ራሊ ሬድ ነው፣ ቀዩ ኦሪጅናል ነው ማለት ነው። የቦዲ ቁጥሩ ፊት ኤስ ካለ ሴንት ልዊስ፣ ኮርቬቱ የሚገጣጠምበት ፋብሪካ የተሰራ ቦዲ ነው፣ ኤ ካለ ደግሞ ሚሺጋን አይዮኒያ ውስጥ ኤ ኦ ስሚዝ የሚባል ኩባንያ ሰርቶት በባቡር ሴንት ልዊስ የገባ ነው፣ ሁለቱም ፋብሪካ ናቸው እንዳትደነግጥ። የሞተሩን ዓይነት ግን ታጉ ላይ አትፈልግ፣ የለም። እና ስትቀባ ታጎቹን በቴፕ ሸፍናቸው እንጂ ሪቬቱን እንዳትነካ፣ የቪን ታግ መንቀል እዚህ አገር በህግ ያስጠይቃል።

ሞተረኛው_ሜሪላንድ፦
ፈታሁት። ጋሼ እንዳሉት ነው። ግራው ጀርባው ለስላሳ፣ ማሰሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል፣ ማጣበቂያው በጠርዙ ተርፎ እንደፈሰሰ ደርቋል። ቀኙ ማሰሪያ የሚባል ነገር የለውም፣ ከፊት ጥጉ ጀምሮ ክር ክር ብቻ ነው፣ ጠርዙ ላይ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ደግሞ ከፕራይመሩ ስር ነጭ ጠንካራ ሽፋን አለ። ታጉ 974፣ ኤ ነው። ሰውዬውን ልክሰሰው ወይስ ምን ላድርግ 😅

ሻንሲ_ቁጥር፦
ነጩ ጄልኮት ነው፣ በእጅ የሚሰራ ፋይበር ፊት ላይ የሚደረግ ጠንካራ ሽፋን፣ የፋብሪካው ፓነል ጄልኮት የለውም። አለቀ፣ ቀኙ ተቀይሯል። ሰውዬው ደግሞ ላያውቅ ይችላል፣ ከሱ በፊት ስንት ባለቤት እንደነበረው ማን ያውቃል፣ ድሮ ኮርቬት ተጋጭቶ ግማሽ ፊቱን ቆርጦ ሌላ መለጠፍ የተለመደ ስራ ነበር።

ዳላስ_ቪ8፦
በፕሬስ የወጣ ምትክ ፓነል ይሸጣል፣ ከማሰሪያው ጋር አስገብተህ እንደ ፋብሪካው ማስገጠም ትችላለህ። ለዚህ ነው ጀርባው ለስላሳ ስለሆነ ብቻ ኦሪጅናል ነው ብለህ አትደምድም የምለው፣ ማሰሪያው ማጣበቂያው ሁሉም አብሮ መታየት አለበት። ኤንሲአርኤስ (የኮርቬት አዳሾች ማህበር፣ የመኪናውን ኦሪጅናልነት የሚዳኝ) ዳኞች ፊት ካላቀረብከው ግን እኔ ብሆን ቀኙ ካልተሰነጠቀ አልነካውም፣ ነድቼ እዝናናበታለሁ።

ሻንሲ_ቁጥር፦
እኔ እዚህ ላይ አልስማማም፣ ቦዲው እስከ ፋይበሩ ከተፈቀ አይቀር ያኔ ነው መቀየር፣ ከተቀባ በኋላ ማን ይመለስበታል። ግራውን ግን በምንም ሂሳብ አትቀይረው፣ ማጋጠሚያው የላላ ከሆነ ብቻ ከፍተህ በፋይበር ማት (የፋይበር ምንጣፍ) እና በሬዚን ነው የሚሰራው፣ ስቱኮ ከሞላህበት በሚቀጥለው በጋ መስመሩ ተመልሶ ይመጣል፣ ያውም ቀለሙን ሰንጥቆ። አሸዋ እየረጩ እንዳይፍቁትም ንገራቸው፣ ፋይበሩን ይበላዋል።

ሞተረኛው_ሜሪላንድ፦
ኮፈኑስ? ጠፍጣፋ ነው ጀርባው ጥቁር

ሻንሲ_ቁጥር፦
ለ327 ጠፍጣፋው ነው ልኩ፣ መሀሉ ከፍ ያለው የ427 ነው። ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለው የ63 ወይ የ64 ኮፈን ነው። የጀርባውን ፎቶ ላክና እንየው።