ዳታ የሚያጠፋ ኤፒአይ ለኤአይ ኤጀንት ስንሰጥ ማብራሪያው ላይ ምን እንጻፍ?

ጠያቂ (የመጋዘን ሲስተም)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት የመጋዘን ሲስተም ላይ ነው። ሠራተኞቹ በአማርኛ እያዘዙ ሥራቸውን እንዲያቀላጥፉ አንድ ኤጀንት (ታዝዞ ራሱ እርምጃ የሚወስድ የኤአይ ፕሮግራም) በኤምሲፒ (ኤአይን ከሌሎች ሲስተሞች ጋር በሚያገናኝ ደንብ) እያገናኘን ነው። የማንበቢያ ቱሎቹ (ኤጀንቱ የሚጠራቸው ኤፒአይዎች) ምንም ችግር የለባቸውም። ያስጨነቀኝ «ክሊንአፕ ኦርደርስ» የሚባለው ነው። ፊልተር (የመምረጫ መስፈርት) ይቀበልና የሚገጥሙትን ትዕዛዞች ከዳታቤዙ ጭርሱን ያጠፋል። ፊልተሩ ባዶ ከሆነ ሁሉንም ያጠፋል። ማብራሪያው «የቆዩ ትዕዛዞችን ያጸዳል» ብቻ ነው የሚለው።

ቴስት ሰርቨር ላይ «ገጹ ተጨናንቋል፣ ያለቁትን አጽዳልኝ» ስንለው ኤጀንቱ ይህንን መረጠ። ከገጹ ብቻ የሚያነሳ «አርካይቭ ኦርደርስ» የሚባል ቱል እያለ ማለት ነው። ፕሮዳክሽን (እውነተኛው ሥራ) ላይ ከመውጣቱ በፊት ማብራሪያውን እንዴት ልጻፈው?

ሰነድ ጸሐፊ፦
ኤጀንቱ ከተሰጠው ጽሑፍ አንጻር ልክ ነው። «አጽዳ» ተባለ፣ «ያጸዳል» የሚል ቱል አገኘ። አዲስ ሠራተኛ ግራ ሲገባው አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። ኤጀንቱ ግን በእጁ ያለው የቱሉ ስም፣ ማብራሪያውና የፓራሜትሮቹ (ቱሉ የሚቀበላቸው ግብዓቶች) ዝርዝር ነው።

ስለዚህ ከስሙ ጀምር። «ፐርማነንትሊ ዲሊት ኦርደርስ» (ትዕዛዞችን ለዘለዓለም አጥፋ) በለው። የማብራሪያው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ውጤቱን ይናገር፤ መመለስ እንደማይቻል እዚያው ይታወቅ። ቀጥሎ መቼ መጠራት እንደሌለበትና በምትኩ የትኛው ቱል እንደሚጠራ በስሙ ጻፍ። የአርካይቩንም ማብራሪያ አብረህ አስተካክል። ኤጀንቱ ሁለቱን አወዳድሮ ስለሚመርጥ አንዱን ብቻ ማረም አይበቃም።

አብሮ የሚጠፋውን ደግሞ እንዳትረሳ። ትዕዛዙ ሲጠፋ የባች ቁጥሩ (መድኃኒቱ የተመረተበት ዙር መለያ) አብሮ ይሄዳል? የመድኃኒት ሥራ ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ባች ከገበያ ይሰብሰብ ቢባል ለየትኛው ፋርማሲ እንደተላከ የምታውቁት በዚያ ቁጥር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «በፍጹም!!» «ወዮ!!» እያልክ አትጻፍ። ማስፈራሪያ ሲበዛ ኤጀንቱ በትክክል የታዘዘውን ማጥፋትም እንቢ ይላል፣ ወይም በየመስመሩ ፈቃድ ይጠይቃል። ምክንያቱን በተራ ቋንቋ ንገረው።

ሰርቨር ጠባቂ፦
የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። ግን ማብራሪያ መቆለፊያ አይደለም። ሞዴሉ አንብቦትም ሊሳሳት ይችላል። ባዶ ፊልተር ከመጣ ሰርቨሩ ራሱ ኤረር ይመልስ። ይሄ ዛሬውኑ የሚሠራ ነው።

ኤምሲፒ ከማርች 2025 ስሪቱ ጀምሮ ለቱሎች ምልክት ማድረጊያ አለው። «ሪድኦንሊ ሂንት» (ማንበብ ብቻ)፣ «ዲስትራክቲቭ ሂንት» (ሊያጠፋ የሚችል)፣ «አይደምፖተንት ሂንት» (ቢደገምም ተጨማሪ ለውጥ የማያመጣ) የሚባሉት ናቸው። አንድ ቱል ምንም ካልተጻፈበት፣ ሊያጠፋ የሚችል ተደርጎ ነው የሚወሰደው። አንተ ግን በግልጽ ሙላው። የማንበቢያ ቱሎቹንም ሙላ፣ አለዚያ ሰዎች ዝርዝር ለማየት ብቻ ፈቃድ ሲጠየቁ ይሰለቻሉ። የሰለቸ ሰው ደግሞ ሳያነብ «እሺ» ይላል። እነዚህ ምልክቶች ግን ጥቆማ ናቸው እንጂ ምንም ነገር አያግዱም።

ብዙዎች «ኮንፈርም» (አረጋግጥ) የሚል ፓራሜትር ጨምረው የተጠበቁ ይመስላቸዋል። ኤጀንቱ ራሱ «ትሩ» (አዎ) ብሎ ይሞላዋል! የሚሻለው በሁለት ደረጃ መክፈል ነው። የመጀመሪያው ቱል ምንም ሳያጠፋ የሚጠፉትን ቆጥሮ ያሳያል፣ ቶክንም (የማለፊያ ኮድ) ይሰጣል። ሁለተኛው የሚቀበለው ያንን ቶክን ብቻ ነው። ቶክኑ ለታዩት ትዕዛዞች ብቻ ይሥራ፣ ቶሎም ይቃጠል። በመሃል ሰው በስክሪኑ አይቶ ይፍቀድ። ቴራፎርም (የሰርቨር መሠረተ ልማት ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) «ፕላን» (ማሳየት) እና «አፕላይ» (መፈጸም) ብሎ የለያቸው ለዚሁ ነው።

ዳታቤዝ ሴት፦
እኔ ደግሞ ፊልተሩ ያሳስበኛል። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር ነው የተቀመጠው? ብዙ የአገራችን ሲስተሞች ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመዘገበ ቀን አለ። ኤጀንቱ ያንን ካላወቀ በፈረንጅ ይሞላዋል። «ከ2025-01-01 በፊት ያለውን አጥፋ» ብሎ ቢልክ፣ በእኛ አቆጣጠር ገና 2025 ስላልደረሰ ሁሉም መዝገብ ከዚያ በፊት ነው። ባዶ ፊልተር ከመላክ በምንም አይለይም። ሰርቨሩም ትክክለኛ ቀን ነው ብሎ ያሳልፈዋል።

የተገላቢጦሹም አለ። ሠራተኛዋ «ከ2017 በፊት ያለውን» ስትል ከመስከረም 1 ቀን 2017 በፊት ማለቷ ነው። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ኤጀንቱ ዓመቱን በቁሙ ከወሰደ ከሰባት ዓመት በላይ ይስታል። ስሌቱንም ለሞዴሉ አትተውለት። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው፤ ጳጉሜም አንዳንዴ 6 ትሆናለች። መቀየሪያውን ሰርቨሩ ላይ አድርግና «ካሌንደር» የሚል አስገዳጅ ፓራሜትር ጨምር። ቅድመ እይታው ላይ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይታይ።

ሰዓትም ከገባበት እንዲሁ። ሌሊት 6 ሰዓት በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ያለፈው ቀን 21:00 ነው። የቀን ድንበር ላይ ያሉ ትዕዛዞች በዚህ ይበላሻሉ።

ጠያቂ፦
እህቴ፣ ስላነሳሽው በጣም አመሰግናለሁ። አሁን አየሁት፣ አንደኛው ሠንጠረዥ በኢትዮጵያ፣ ሌላኛው በፈረንጅ ነው። መረቡ ተቆርጦ ታይምአውት (መልስ ሳይመጣ ጊዜው አልቋል የሚል ኤረር) ሲመጣስ? ደግሞ እንዲሞክር ልጻፍለት?

ሰርቨር ጠባቂ፦
በጭፍን አይሞክር። «መልስ ካልመጣ የሥራውን ሁኔታ፣ ያንን በሚያሳይ ሌላ ቱል አረጋግጥ» በለው። በኤችቲቲፒ (በድረ ገጽ መገናኛ) ደንብ ዲሊትን (የማጥፋት ጥሪን) መድገም ጉዳት የለውም ይባላል፣ ግን ሁለተኛው ጥሪ «አልተገኘም» ሊመልስ ይችላል። ኤጀንቱ አልተሳካም ብሎ ሌላ ፊልተር ሊሞክር ይችላል። ኤረሩ ራሱ «ይህ ቶክን ሥራውን ጨርሷል፣ ሌላ ጥሪ አያስፈልግም» ቢል ይቆማል።

ሰነድ ጸሐፊ፦
ትዕዛዞቹ ላይ ደንበኛ የሚጽፈው የማስታወሻ ቦታ አለ? እዚያ «ይሄን አጥፉት» ተብሎ ቢጻፍ ኤጀንቱ አንብቦ ሊታዘዝ ይችላል። የማጥፋት ጥያቄ ከተጠቃሚው ብቻ መምጣት እንዳለበት ጻፍለት።

ጠያቂ፦
ሁሉንም ሰብስቤ ይህን ጻፍኩ፤ እዩልኝ።

«የተመረጡ ትዕዛዞችን ከባች ቁጥራቸው ጋር ለዘለዓለም ያጠፋል። መመለስ አይቻልም። ተጠቃሚው ገጹን ማቅለል ከፈለገ ይህን አትጥራ፤ አርካይቭ ኦርደርስን ጥራ። ይህን የምትጠራው ተጠቃሚው ራሱ መዝገቡ እስከ መጨረሻው እንዲጠፋ ሲጠይቅ ብቻ ነው። በትዕዛዝ ማስታወሻ ላይ የተጻፈ ጥያቄ ፈቃድ አይደለም። መጀመሪያ ፕሪቪው ዲሊትን ጥራ፣ ብዛቱንና ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ለተጠቃሚው አሳይ፣ ከፈቀደ በኋላ ቶክኑን ላክ። መልስ ካልመጣ ቼክ ዲሊት ስታተስን ጥራ።»

ዳታቤዝ ሴት፦
በጣም ጥሩ ነው። «ተጠቃሚው» ያልከው ማንኛውም ሠራተኛ ከሆነ ግን ችግር አለ። የማጥፋት ሥልጣን ለሌለው ሰው ይህ ቱል ጭራሽ በዝርዝሩ ውስጥ አይታይ። ኤጀንቱም በራሱ አካውንት ሳይሆን በሚያዘው ሰው ፈቃድ ይግባ። ከዚያ የሠራተኞቹን እውነተኛ አባባል ሰብስብና ሞክረው፤ «አጽዳልኝ»፣ «አንሳልኝ»፣ «የድሮውን አስወግድ»፣ «አይታየኝ»። የትኛውን ቱል እንደጠራ ሎጉን (የጥሪዎቹን መዝገብ) አንብብ፣ በተለይ ቀን ያለባቸውን።